የሸክላዋ ርግብ

በተኩስ ሜዳ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማራት አንዲት ቃል አለች። ጠመንጃውን አመቻችቶ፣ እግሩን አደላድሎ ከቆመ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፑል!» ማለት አለበት። በእኛ አፍ «ሳብ!» እንደ ማለት ነው። ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ከፊቱ ካለው ጉድጓድ፣ ወይም ከጎኑ ካለች ትንሽ ቤት መስኮት፣ የተገለበጠ የስኒ ማስቀመጫ የመሰለች ብርቱካንማ ሸክላ ተወንጭፋ ትወጣለች። ካገኛት ትቢያ ትሆናለች። ከሳታት ሰማዩን አቋርጣ ሄዳ ሣር ላይ ታርፋለች።

ነገር ግን ዛሬ የሚስብ ሰውም የሚሳብ ገመድም የለም። ሸክላዋን የሚወነጭፋት በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ በትልልቆቹ ሜዳዎችማ የተኳሹን ድምፅ የሚቀበለው ማይክሮፎን እንጂ የሰው ጆሮ አይደለም። ታዲያ «ሳብ!» የሚባለው ማን ነው? የሚሳበውስ ምንድን ነው?

የቃላቱ ጉድ በዚህ አያበቃም። ሸክላዋ «ወፍ» ወይም «ርግብ» ትባላለች። የሚወነጭፋት መሣሪያ «ትራፕ»፣ ማለትም ወጥመድ ይባላል። የተመታችው «ሞተች»፣ የተሳተችው ደግሞ «ጠፋች» ትባላለች። ነፍስ የሌላት ገል እንዴት ትሞታለች ብሎ የሚጠይቅ ጀማሪ ካለ፣ እኔ በበኩሌ ከማንም ቀድሞ ትምህርቱን ጀመረ እላለሁ። መልሱ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የነበረችው ርግብ እውነተኛ ርግብ ነበረች። በእንግሊዝ አገር ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ርግብ ለቆ መተኮስ የከበርቴው መዝናኛ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነበር። መሬት ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይማሳል፤ ርግቧ እዚያ ትከተትና ያረጀ ባርኔጣ ይደፋባታል። ባርኔጣው ላይ ገመድ ይታሰራል። ተኳሹ ሲሰናዳ «ሳብ!» ይላል፤ ገመድ ያዡ ይስባል፤ ባርኔጣው ይገለበጣል፤ ርግቧ ብር ትላለች። በለንደን አጠገብ በኢሊንግ በዚህ ጨዋታ የታወቀ አንድ መጠጥ ቤት ነበር፤ ስሙም «አሮጌ ባርኔጣዎች» ይባል ነበር። በኋላ ባርኔጣው በሣጥን ተተካ። ሣጥኑም ወጥመድ ተባለ። ገመዱ ግን እንዳለ ቆየ፤ ጩኸቱም እንዲሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጨዋታው ከመጠጥ ቤት ጓሮ ወደ መኳንንት ክበብ ዘለቀ። በለንደን የሚገኘው ዝነኛው የሐርሊንግሃም ክበብ በ1869 ሲቋቋም ዋና ሥራው የርግብ ተኩስ ነበር። ክበቡ በ1905 ተኩሱን አቆመ። የእንግሊዝ ፓርላማም በ1921 የታሰረ ወፍ ለቆ መተኮስን በሕግ ከለከለ። ርግቧ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በክበቡ ዓርማ ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ይህ ለርግቧ ካሣ ይሁን ስላቅ አንባቢ ይፍረድ።

አሁን ውቅያኖሱን እንሻገርና ወደ አሜሪካ እንለፍ፤ የታሪኩ እምብርት ያለው እዚያ ነው። ይልቁንም በአንዲት ከተማ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በሲንሲናቲ። በአሜሪካ ምድር በመዝገብ የተያዘ የመጀመሪያው የርግብ ተኩስ ውድድር የተደረገው በ1831 በሲንሲናቲ የስፖርተኞች ክበብ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ እንግሊዞቹ ያልታደሉት ሀብት ነበራቸው። ይኸውም «ተጓዥ ርግብ» የምትባለው ወፍ ናት። ቁጥሯ በቢሊዮን ይገመት ነበር። መንጋዋ ሲያልፍ ፀሐይ ይጋርድ እንደ ነበርና አልፎ ለመጨረስ ሰዓታት ይፈጅ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈውታል። ለተኩስ ክበብ ይህ የማያልቅ ጎተራ ነበር። ወፎቹ በመረብ በሺህ ይያዛሉ፤ በሣጥን ታጭቀው በባቡር ይጫናሉ፤ በሜዳው ላይ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። በ1881 በኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ በተባለው ሥፍራ ለአንድ ውድድር ብቻ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ተጓዥ ርግቦች ቀርበዋል።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ተጓዥ ርግብን ከምድር ያጠፋት የተኩስ ውድድር ብቻ አይደለም። የውድድሩ ድርሻ ከገበያው ሲነጻጸር ትንሽ ነበር። ዋናዎቹ ገዳዮች ሥጋዋን ለከተማ ገበያ የሚያቀርቡት ነጋዴዎች፣ መንጋው የት እንዳረፈ በአንድ ቀን የሚያሳውቀው ቴሌግራፍ፣ ሬሳውን ወደ ከተማ የሚያጓጉዘው ባቡርና የደኑ መመንጠር ናቸው። ቢሆንም ለመብል መግደልና ለውጤት ሰሌዳ መግደል አንድ አይደሉም። ሄንሪ በርግ የተባለው ኒው ዮርካዊ በ1866 ለእንስሳት የሚቆም ማኅበር አቋቁሞ ስለ ነበር የርግብ ተኩሱን አጥብቆ ተቃወመ። ተኳሾቹም አፌዙበት። ነገር ግን ወፏም እያነሰች፣ ዋጋዋም እየተወደደ፣ የሰውም ፊት እየጠቆረ ሄደ።

እንግዲህ ወፏን የሚተካ ነገር ተፈለገ። መጀመሪያ የተሞከረው ብርጭቆ ነው። ብርቱካን የሚያህል ክብ የብርጭቆ ኳስ ተሠርቶ በመወንጨፊያ ወደ ላይ ይወረወራል። ቻርልስ ፖርትሎክ የተባለ የቦስተን ሰው በ1866 አካባቢ ለአሜሪካኖች አስተዋወቀው። ብርጭቆው ሲመታ ግን የሚያረካ ነገር አልነበረውም፤ ወፍ አይመስልም። ስለዚህ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አንዳንዶቹ በኳሱ ውስጥ ላባ ጠቀጠቁበት! ኳሱ ሲፈነዳ ላባው በአየር ላይ ይበተናል፤ ተኳሹም ልቡ ይደርሳል። ሰው ከልማዱ ጋር ሲለያይ እንዲህ ነው፤ ገድሉን ቢተው እንኳ ላባውን መተው ያቅተዋል።

በዚህ ዘመን ስሙ የገነነው ካፒቴን አዳም ቦጋርደስ ነው። የኢሊኖይ ሰው ነበር፤ በቀጥታ ርግብ ተኩስ የዓለም ሻምፒዮን እየተባለ ተጠርቷል። እርሱ የኳሱ ችግር ገባው። ለስላሳ ብርጭቆ ላይ የእርሳስ ቅንጣት ሲያርፍ አንሸራትቶ ይሄዳል። በ1877 ገጹ ሸካራ የሆነ ኳስና የተሻለ መወንጨፊያ አውጥቶ የባለቤትነት ማስረጃ አገኘበት። ኳሱ ተሰባሪ ሆነ፤ ጨዋታውም ተስፋፋ። ሜዳው ግን በብርጭቆ ስባሪ ተሞላ። ከብት የሚያግድበት፣ ልጅ በባዶ እግሩ የሚሮጥበት መስክ እንደዚያ ሲሆን አስቡት።

መፍትሔው የመጣው ከዚያችው ከሲንሲናቲ ነው። ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ ሰው ልጆች ውኃ ዳር ሆነው ጠፍጣፋ ቅርፊት በውኃው ገጽ ላይ ሲያንሸራትቱ አየ ይባላል። በሐይቅና በወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ጠፍጣፋ ጠጠር ውኃው ላይ እያነጠረ ተጫውቶ ያውቃል። ክብ ነገር ሲወረወር ወዲያው ይወድቃል፤ ጠፍጣፋ ነገር እየተሽከረከረ ሲሄድ ግን አየሩን ተደግፎ ይንሳፈፋል። ሊጎውስኪ ይህንን ይዞ ከሸክላ አፈር የተተኮሰች ጠፍጣፋ ሳሕን ሠራ። በመስከረም 1880 የባለቤትነት ማስረጃውን አገኘ። የሸክላዋ ርግብ ተወለደች።

መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ልጅ ነበረች። ሸክላው በእሳት በጣም ስለሚጠነክር በእርሳስ ስትመታ ሳትሰበር እንደ ደወል ጮኻ ታልፍ ነበር። ተኳሹ «መትቻታለሁ!» ሲል ዳኛው «ታዲያ የት ተሰበረች?» ይላል። ክርክሩን የፈታው የሸክላው አፈር መለወጡ ነው። ዛሬ የምንላት የሸክላ ርግብ በእውነቱ ሸክላ አይደለችም። ከደቀቀ የኖራ ድንጋይና ከሬንጅ መሰል ማጣበቂያ ተቀላቅላ በቅርጽ የምትታተም ናት። ስፋቷ 110 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 105 ግራም ገደማ ነው። ስትወነጨፍ የማትሰበር፣ ስትመታ ግን የምትደቅ መሆን አለባት፤ ሙያው ያለው እዚያ ላይ ነው። ስሟ ብቻ በሊጎውስኪ ዘመን ቀረ።

ሊጎውስኪ ነጋዴም ነበር። ሸክላዋን ለማስተዋወቅ ኩባንያው በ1883 ሁለቱን የዘመኑን ዝነኞች፣ ቦጋርደስንና ዶክ ካርቨር የተባለውን ባላንጣውን፣ ከከተማ ከተማ እያዞረ 25 ጊዜ አጋጠማቸው። አብዛኛውን ያሸነፈው ካርቨር ነበር። ከዚያ በላይ ያሸነፈችው ግን ሸክላዋ ናት። ሕዝቡ ያለ ደም የሚደረግ ውድድር ልብ እንደሚያንጠለጥል በዓይኑ አየ።

እኔ ኦሃዮ ውስጥ ስለምኖር ሲንሲናቲ ለእኔ የመንገድ ከተማ ናት። በእንስሳት ማቆያዋ ውስጥ የሩቅ ምሥራቅ ቤተ መቅደስ የመሰለች አንዲት ትንሽ ቤት አለች። የመጨረሻዋ ተጓዥ ርግብ የኖረችው በማቆያው የወፍ ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ ይህች ቤት ተጠብቃ መታሰቢያ ሆናለች። ወፏ ማርታ ትባል ነበር። መስከረም 1 ቀን 1914 ሞተች። ሬሳዋ በበረዶ ውስጥ ተደርጎ በባቡር ወደ ዋሽንግተን ወደ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተላከ። እንግዲህ ልብ በሉ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የርግብ ተኩስ በሲንሲናቲ፣ ርግቧን የተካችው ሸክላ በሲንሲናቲ፣ የመጨረሻዋ ርግብ ሞት በሲንሲናቲ። በ1831፣ በ1880፣ በ1914። ሊጎውስኪ ሸክላውን ሲያወጣ ተጓዥ ርግብ ገና በሚሊዮን ትቆጠር ነበር፤ የኮኒ አይላንዱ 20 ሺህ የቀረበውም ከሸክላው መፈልሰፍ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። መተኪያው ተገኝቶ ሳለ ሰው እጁን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደበት።

በዚያችው ትንሽ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳስብ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ የቀድሞ ወታደር ወዳጄ አብሮኝ ነበር፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። «እኛ አገር ጥይት የሚቆጠር ነገር ነበር» አለኝ። «አንድ ጥይት ለአንድ ነገር ነው። ለጨዋታ ርግብ ላይ የሚተኩስ ሰው አባቴ ቢያዩ ጠመንጃውን ይነጥቁት ነበር።» እውነቱን ነው። የገጠሩ ሰው ጥይቱን በወገቡ ታጥቆ ለዓመታት ሳይተኩሳት ይኖራል። ማባከንን እንደ ነውር የሚቆጥር ባህል ነው።

ይኸው ወዳጄ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኔ ወደ ሸክላ ተኩስ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ተከትሎኝ መጣ። «ልይህ ብዬ እንጂ ልተኩስ አይደለም» ብሎ ነበር።

አስተማሪው ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው። ጠመንጃውን ከመስጠቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያስተማረን ስለ ጥንቃቄ ነው። በዚህ ስፖርት የሚያገለግለው ፍንጣሪ እርሳስ የሚተፋው፣ በእኛ ዘንድ ረሽ የሚባለው ጠመንጃ ነው። መካከሉ ላይ ታጥፎ ይከፈታል። ሕጉ ግልጽ ነው። ተራህ ደርሶ በቦታህ እስክትቆም ድረስ ጠመንጃው ክፍትና ባዶ ሆኖ ይያዛል፤ ማንም ሰው ከሩቅ አይቶ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። አፈሙዙ ከሜዳው ሌላ ወደ የትም አይዞርም። ጆሮ ይደፈናል፣ ዓይን በመነጽር ይጋረዳል፤ የሸክላ ስባሪ ተመልሶ ይመጣልና።

ከዚያ ዓይናችንን ፈተነ። በሁለት እጅ ጣቶች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርተን ሩቅ ያለ ነገር በሁለት ዓይናችን እንድንመለከት አዘዘን፤ ከዚያ አንዱን ዓይን ጨፍኑ አለ። ነገሩ ከቀዳዳው ሳይወጣ የሚታየው በገዢው ዓይን ነው። ቀኝ እጁ የሚያይል፣ ግራ ዓይኑ ግን የሚገዛ ሰው ብዙ አለ። ይህንን ሳያውቅ የጀመረ ሰው ለምን እንደሚስት ሳይገባው ዓመት ሊተኩስ ይችላል።

የጠመንጃው ስፋት አቆጣጠርም ታሪክ ያለው ነው። «አሥራ ሁለት ቁጥር» ሲባል አሥራ ሁለት ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በእኩል መጠን 12 ኳሶች ቢቀለጡ፣ አንዱ ኳስ ልክ የሚገባበት በርሜል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ በርሜሉ ይጠባል፤ ሃያ ቁጥር ከአሥራ ሁለት ቁጥር ይቀጥናል። በኦሊምፒክ ውድድር አንዱ ጥይት የሚይዘው እርሳስ ከ24 ግራም አይበልጥም።

ጋሼ ይህንን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ እጁ ሳያስችለው ቀረ። ጠመንጃውን ተቀብሎ ሰደፉን ትከሻው ላይ አሳረፈና ትንፋሹን ውጦ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አስተማሪው ወዲያው አስቆመው። «አታነጣጥር!» አለው። እኔ ተረጎምኩለት።

«ምን አለ?»

«አታነጣጥር ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ሳላነጣጥር ምን ላድርግ? ልጸልይ?»

በሜዳው የነበሩት ሳቃቸው ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ሳቁ። ነገሩ ግን ቁም ነገር ነው። እኛ በምናውቀው ተኩስ ዒላማው ይቆማል፣ ተኳሹም ይቆማል፣ ጥይቱ አንድ ነው። እዚህ ግን ዒላማው ይበርራል፤ እርሳሱም በመቶ የሚቆጠር ቅንጣት ሆኖ እየተበተነ ይሄዳል። ሸክላዋ በሰከንድ 20 ሜትር የምትበርር ከሆነና በ20 ሜትር ርቀት ፊትህን አቋርጣ የምታልፍ ከሆነ፣ እርሳሱ እስኪደርስ ድረስ ከአንድ ሜትር በላይ ትቀድማለች። ስለዚህ ባለችበት ላይ የተኮሰ ሁልጊዜ የሚተኩሰው በነበረችበት ላይ ነው። አንድ ዓይን ጨፍኖ የጠመንጃውን ጫፍ የሚመለከት ሰው ጠመንጃውን ያቆመዋል፤ ጠመንጃው ሲቆም ወፏ አመለጠች ማለት ነው። መንገዱ ሁለት ዓይንን ከፍቶ ወፏን ብቻ እያዩ፣ ከወገብ እየዞሩ፣ ከኋላዋ ተነሥቶ በርሜሉን አሳልፎ፣ እጅን ሳያቆሙ ቃታውን መሳብ ነው። እጅ ዓይንን ይከተላል። ድንጋይ ወርውሮ ፍየል የሚመልስ እረኛ ይህንን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ ክንዱን አይመለከትም።

እኔ በመጀመሪያው ዙር ከ25 አራት ሰበርኩ። ጋሼ ሰባት ሰበረ። ሰባተኛዋ ስትበተን «ገዳይ!» ብሎ ሊፎክር ከጀመረ በኋላ ዘወር ብሎ አየኝና «ለገል አይፎከርም» ብሎ ተወው።

ስኪት የሚባለው ዓይነት የተወለደበት ታሪክ ከሁሉ ያስቀኛል። በማሳቹሴትስ፣ አንዶቨር በምትባል ከተማ ቻርልስ ዴቪስ የተባለ ሰው ከልጁና ዊልያም ፎስተር ከተባለ ወጣት ጋር ሆኖ ከአደን ወቅት ውጪ እጃቸውን የሚያፍታቱበት ጨዋታ ፈለሰፈ። መሬት ላይ ሰፊ ክብ ሠርተው ዙሪያውን እንደ ሰዓት ገጽ በ12 ነጥቦች ከፈሉት፤ ሸክላዋ ከአሥራ ሁለት ሰዓቷ ነጥብ ትወነጨፋለች፣ እነርሱ ከነጥብ ነጥብ እየዞሩ ይተኩሳሉ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አንድ ጎረቤት መጣና በአጠገባቸው የዶሮ እርባታ ከፈተ። ከክቡ በግማሹ በኩል የሚተኮሰው እርሳስ ዶሮዎቹ ላይ መዝነብ ጀመረ። ፎስተር መላ ዘየደ። ክቡን ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ጣለና በሌላው ጫፍ ሁለተኛ መወንጨፊያ አቆመ፤ ወደ ዶሮዎቹ መተኮስ ቀረ፣ ሸክላዋ ግን ከሁለቱም አቅጣጫ ትመጣለች። የዛሬው ግማሽ ክብ ሜዳ በዓለም ሁሉ ያለው በዚያ ጎረቤት ዶሮዎች ምክንያት ነው። በ1926 ጨዋታው ስም እንዲወጣለት ውድድር ተደረገ፤ ሽልማቱ 100 ዶላር ነበር። ያሸነፈችው ገርትሩድ ሐርልበት የምትባል የሞንታና ሴት ናት። «ስኪት» የሚለውን ያመጣችው ከጥንት የስካንዲኔቪያ ቃል ነው፤ ትርጉሙም መተኮስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አየር ኃይል ተኳሾች በዚሁ ጨዋታ ሠልጥነዋል። ተንቀሳቃሽ ነገር ቀድሞ መምታትን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር አልተገኘማ።

ለጀማሪ ይህ ስፖርት አንድ ቸርነት አለው፤ በአሜሪካ «ሃንዲካፕ» የሚሉት። ጀማሪ ወይም ደካማ የሆነው ወደ ወጥመዱ ቀረብ ብሎ ይቆማል፤ ጎበዙ እያሸነፈ ሲሄድ ወደ ኋላ እየተገፋ እስከ 27 ያርድ ይርቃል። አንጋፋውና ጀማሪው በአንድ ሰልፍ ተወዳድረው ማሸነፍ እንዲቻል ነው። በ1900 በኒው ዮርክ የተጀመረው ታላቁ የአሜሪካ የሸክላ ውድድር የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ፣ ሁለቱ ርግቦች ጎን ለጎን ታዩ። አንዱ ውድድር በሸክላ ነበር። ሌላው በቀጥታ ርግብ ነበር፤ ሊዮን ደ ሉንደን የተባለ ቤልጅጋዊ 21 ወፎች ገድሎ አሸነፈ። ወደ 300 የሚጠጉ ርግቦች አለቁ ይባላል። በኦሊምፒክ ስም እንስሳ ለመግደል የተወዳደሩበት ጊዜ ከዚያ በኋላ የለም። ዛሬ ብዙዎች እንደ ኦሊምፒክ ውድድር አይቆጥሩትም፤ የሆነው ግን ሆኗል።

ሸክላዋም ቢሆን ፍጹም ንጹሕ ናት ማለት አይቻልም። ሬንጅ መሰሉ ስባሪ አሳማ ከበላው ይመርዘዋል። ሜዳው ላይ የሚዘንበው እርሳስ ደግሞ መሬት ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ በረግረጋማ ቦታዎችና በአካባቢያቸው እርሳስ መተኮስን አግዷል፤ ወፎች ጠጠር መስሏቸው ይውጡታልና። ርግቧ ከተፈታች በኋላም ዳክዬዋ ታስባለች ማለት ነው።

ሴቶቹን ሳላነሣ ይህንን ጽሑፍ መጨረስ አልችልም። ይህ ስፖርት ጉልበት አይጠይቅም፤ ዓይንና እጅ ነው። ይህንን አስቀድማ ያሳየችው በኦሃዮ ገጠር በ1860 የተወለደችው አኒ ኦክሊ ናት። በልጅነቷ አድና በመሸጥ ቤተሰቧን የደገፈች የድኃ ልጅ ናት። በሲንሲናቲ አካባቢ (ደግሞ ሲንሲናቲ!) በተደረገ ግጥሚያ ፍራንክ በትለር የተባለውን የታወቀ ተኳሽ አሸነፈችው፤ እርሱም አገባት። በኋላ ዘመኗ በሰሜን ካሮላይና፣ ፓይንኸርስት ተቀምጣ በርካታ ሴቶችን ተኩስ አስተምራለች።

የኦክሊ ልጆች ዕድል ግን ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረውም። ስኪት በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሲገባ ወንድና ሴት በአንድነት የሚወዳደሩበት ነበር። ለዓመታት ወንዶች አሸነፉ፤ ያን ጊዜ ማንም አልተከፋም። በ1992 በባርሴሎና ቻንግ ሻን የተባለች የ24 ዓመት ቻይናዊት መጣች። በማጣሪያው 200 ሸክላዎች ተወነጨፉላት፤ 200ውንም ሰበረች። በጠቅላላው ከ225 ውስጥ 223 መትታ ወርቁን ወሰደች። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ወንዶች፣ የፔሩው ሁዋን ሂሃና የጣሊያኑ ብሩኖ ሮሴቲ፣ በሽልማቱ መድረክ ላይ ብድግ አድርገው ተሸከሟት። የስፖርቱ አለቆች ግን አልተሸከሟትም። በ1996 በአትላንታ ስኪት ለወንዶች ብቻ ሆነ፤ ለሴቶች የተለየ ስኪትም አልተዘጋጀም። የዓለም አንደኛዋ ዘውዷን ይዛ ደጅ ቀረች። ለሴቶች የስኪት ውድድር የተከፈተው በ2000 በሲድኒ ነው። ቻንግ ሻን እዚያ ተመልሳ ተወዳደረች፤ ሜዳሊያ አላገኘችም።

ከዚያ ወዲህ በሩ እየሰፋ ሄዷል። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ አሌሳንድራ ፔሪሊ ከወደ ሠላሳ አራት ሺህ ሕዝብ ካላት ከሳን ማሪኖ መጥታ ለአገሯ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ አመጣች። በዚያው ቶኪዮ የመጨረሻ ሆና የወጣች አድሪያና ሩዋኖ የምትባል የጓቲማላ ልጅ ነበረች። ጂምናስቲክ ትሠራ ነበር፤ አከርካሪዋ ተጎድቶ ያንን ስትተው ሐኪሟ ተኩስ እንድትሞክር መከራት። ይኸው ጀማሪ ሆና ነው የተነሣችው። በ2024 በፓሪስ ከ50 ሸክላዎች 45 ሰብራ ለጓቲማላ በታሪኳ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠቻት።

በዚሁ በፓሪስ፣ ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በኦሊምፒክ ስኪት ወንድና ሴት በአንድ ሜዳ ተሰለፉ፤ አሁን ግን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጥንድ ሆነው ነው። ጣሊያን አሜሪካንን 45 ለ44 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። የጣሊያኖቹ ጥንድ ዲያና ባኮሲና ጋብሪዬሌ ሮሴቲ ነበሩ። ጋብሪዬሌ በባርሴሎናው መድረክ ላይ ቻንግ ሻንን ከተሸከሟት ሁለት ወንዶች የአንዱ፣ የብሩኖ ሮሴቲ ልጅ ነው።